አድሚራሉ የተናገሩትን ፕሬዚዳንቱ ያውቁት ነበር፦ ስለ ያልታ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በአማርኛ የቀረበ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልትንና የጦር አማካሪያቸውን የአድሚራል ዊልያም ሌሂን ግንኙነት አንስቶ፣ ሩዝቬልት፣ የእንግሊዙ ቸርችልና የሶቪየቱ ስታሊን በፌብሩዋሪ 1945 በክራይሚያ ስላደረጉት የያልታ ጉባኤ ከባድ ፍርድ ሰጥቷል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የጸሐፊው ክስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወታደሩ አማካሪ አደጋውን አይተው አስጠነቀቁ፤ በሽታ የደቆሳቸው ፕሬዚዳንት አልሰሙም፤ ሠራዊቱ በደም ያገኘው ድል በድርድር ጠረጴዛ ላይ ተበተነ፤ ፖላንድም ለስታሊን ተላልፋ ተሰጠች። በሩቅ ምሥራቅ የተደረገው ምስጢራዊ ስምምነትም ከጦር መሪዎቹ ጀርባ የተሸረበ የሲቪሎች ሥራ ነው ይላሉ። ከዚያ ወደ እኛው ጉዳይ ይሻገሩና፣ ሩዝቬልት ከያልታ ሲመለሱ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የባሕር በር ቃል ገብተው እንደነበር ይነግሩናል። መደምደሚያቸው በጦርነት ጊዜ የውጭ ግንኙነት ለወታደሮች ቢተው ይሻላል የሚል ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ይነበባል፤ ይህን አልክድም። የሚያስቸግረው ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ አጭር ንግግር ላይ መቆሙ ነው፤ ያውም ንግግሩ ከግማሹ ላይ ተቆርጦ። ስለዚህ ከእርሱ እጀምራለሁ።

በጉባኤው ማብቂያ አካባቢ ስለ ፖላንድ የተረቀቀው ወረቀት በአድሚራል ሌሂ እጅ ገባ። አነበቡትና ለፕሬዚዳንቱ እንዲህ አሏቸው፦ "ሚስተር ፕሬዚዳንት፣ ይህ እጅግ የሚለጠጥ ነገር ነው፤ ሩሲያውያን ከያልታ እስከ ዋሽንግተን ቢስቡት እንኳ በቃሉ መሠረት አፈረሱት ሊባሉ አይችሉም።" ጸሐፊው እዚህ ላይ ይቆማሉ። ፕሬዚዳንቱ ግን መልስ ሰጥተው ነበር፦ "አውቃለሁ ቢል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን በአሁኑ ሰዓት ለፖላንድ ላደርግላት የምችለው ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው።"

ይህን መልስ ያቆዩልን ራሳቸው አድሚራሉ ናቸው፤ በ1950 ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፋቸው ውስጥ ከእርሳቸው ንግግር ቀጥሎ ሰፍሯል። ጥያቄውን ከዚያ ወስዶ መልሱን መተው አንባቢን ማሳሳት ነው። "አልሰሙም" እና "ሰምተው፣ አውቀው፣ ሌላ መንገድ አጡ" የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። አንደኛው የአንድ ሰው ጥፋት ነው። ሁለተኛው ግን ከሰውየው አልፎ ወደ ጦር ካርታው ይወስደናል፤ ጸሐፊው ሊሄዱበት ያልፈለጉትም ወደዚያ ነው።

ደግሞስ አድሚራሉ ያን ተናግረው "ስለዚህ አይፈርሙ" ብለዋልን? አላሉም። "ጉባኤውን ረግጠን እንውጣ" ብለዋልን? ይህንንም አላሉም። የወረቀቱን ልልነት አሳዩ፤ ወረቀቱ በምን ይተካ የሚለውን ግን አልነገሩም። በያልታ ከስታሊን ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያጣው ደግሞ ይህንኑ መተኪያ ነበር።

አድሚራሉ በልባቸው የያዙት አቋም ምን እንደነበር ለማወቅ ሁለት ወር ተኩል ወደፊት መሄድ ይበቃል። ሩዝቬልት ሞተው ሃሪ ትሩማን ሥልጣን ይዘዋል። ኤፕሪል 23 ቀን 1945 አዲሱ ፕሬዚዳንት ከሶቪየቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ከሞሎቶቭ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት አማካሪዎቻቸውን በፖላንድ ጉዳይ ሰበሰቡ። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ፎረስታልና በሞስኮ አምባሳደር የነበሩት ሃሪማን ጠንከር እንበል አሉ። የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን ተጠንቀቁ አሉ። ጄኔራል ማርሻልም ሩሲያውያን በጃፓን ላይ የሚያደርጉትን ዘመቻ እንዳያዘገዩብን እሰጋለሁ አሉ። ሌሂ ሲጠየቁ ከያልታ የወጡት ሶቪየቶች በፖላንድ ነጻ መንግሥት የመፍቀድ ሐሳብ እንደሌላቸው አምነው መሆኑን፣ ሌላ ነገር ቢያደርጉ ኖሮ እንደሚገረሙ፣ የያልታው ስምምነትም ሁለት ዓይነት ትርጉም ሊሰጠው እንደሚችል፣ ከሩሲያ ጋር መጣላት ግን ከባድ ነገር መሆኑን ተናገሩ። አሜሪካ ለነጻና ለሉዓላዊት ፖላንድ መቆሟን እንንገራቸው፤ ከዚያ አይለፍ ነበር ምክራቸው። እንግዲህ "ቢሰሙ ኖሮ" የተባሉት ሰው፣ የሚሰማቸው አዲስ ፕሬዚዳንት ባገኙ ጊዜ የመከሩት ይህን ነው። በሩዝቬልትና በሌሂ መካከል ጸሐፊው የቆፈሩትን ገደል በዚህ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ወደ ሕመሙ ልለፍ። ሩዝቬልት ታመው ነበር፤ በጽኑ። ከማርች 1944 ጀምሮ ይከታተሏቸው የነበሩት የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ከዓመታት በኋላ ባሳተሙት የሕክምና ጽሑፍ የደም ግፊታቸውንና የልባቸውን ድካም በዝርዝር አስቀምጠዋል። የያልታ ፎቶግራፎችም ምስክር ናቸው፦ ካባ ለብሰው በቸርችልና በስታሊን መካከል የተቀመጡት ሰው ፊታቸው ጎድጉዷል። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም።

ነገር ግን የብሩንን ምስክርነት እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሐኪሙ በያልታ የሚያሰጋ ምልክት ያዩት ፌብሩዋሪ 8 ቀን ነው፤ የልብ ምታቸው አንዱ ጠንካራ አንዱ ደካማ እየሆነ ይፈራረቅ ነበር። ያ ዕለት ምን የተደረገበት ነው? ሩዝቬልት ስለ ፖላንድ ሲከራከሩ የዋሉበትና በውይይቱ አዝማሚያ ተበሳጭተው የወጡበት ዕለት ነው። ጸሐፊው "ታመው ስለነበር ለፖላንድ አልተከራከሩም" ይላሉ። የሐኪሙ መዝገብ የሚለው ለፖላንድ ሲከራከሩ ውለው ሕመማቸው መባሱን ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ፌብሩዋሪ 6፣ ሩዝቬልት ለስታሊን በጻፉት ደብዳቤ የሉብሊኑን መንግሥት (በሶቪየቶች የሚደገፈውን የፖላንድ ጊዜያዊ መንግሥት) አሁን ባለው አወቃቀር አሜሪካ ልትቀበለው እንደማትችል ገልጸው ነበር። ራሱን ስቶ የፈረመ ሰው ሥራ አይመስልም።

የጸሐፊው ዋና ምስክር የሆኑት ሌሂስ ስለ ፕሬዚዳንታቸው ብቃት ምን አሉ? በዚያው የትዝታ መጽሐፍ ሩዝቬልት ጉባኤውን በታላቅ ችሎታ እንደመሩትና ውይይቱን ገነው እንደያዙት መስክረዋል። አንድን ምስክር ሲመቸን አምነን ሳይመቸን ማለፍ በየትኛው ችሎት ይፈቀዳል?

ወደ ፍሬ ነገሩ ደረስን። "ሠራዊቱ ያገኘው በጠረጴዛ ጠፋ" የሚለው አባባል ለጆሮ ይጥማል፤ ካርታ ሲዘረጋ ግን ውሃ አይቋጥርም።

ስለ ካርታ ካነሳን፣ ሩዝቬልትና ሌሂ ይሠሩበት ስለነበረው ክፍል ትንሽ ልበል፤ ጸሐፊው ሁለቱን ሰዎች እንደ ባላንጣ ስላቀረቧቸው አብረው እንዴት ይሠሩ እንደነበር ማየቱ ይጠቅማል። ትውውቃቸው የቆየ ነው፤ ሩዝቬልት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሳሉ ሌሂ ዶልፊን የተባለች የመንግሥት መርከብ አዛዥ ነበሩ። በጁላይ 1942 ሩዝቬልት ሌሂን የጠቅላይ አዛዡ ኤታማዦር ሹም አድርገው ሾሙ። ለጋዜጠኞች ሲያስተዋውቋቸው ነገሩን አቅልለው መረጃ አሰባስቦ የሚያመጣልኝ ሰው ነው ዓይነት ነገር ተናገሩ። ሥራው ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ነበር፤ ሌሂ የምድር ጦሩ ማርሻል፣ የባሕር ኃይሉ ኪንግና የአየር ኃይሉ አርኖልድ የሚቀመጡበትን የኤታማዦር ሹሞች ስብሰባ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የጦር ሜዳውን ወሬና ከመሪዎች የመጡትን መልእክቶች ይዘው ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ይገባሉ።

የካርታው ክፍል በዋይት ሐውስ ምድር ቤት ነበር። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ካርታዎች ጦሮቹና መርከቦቹ ያሉበትን ያሳያሉ። የሦስቱ መሪዎች መገኛ በልዩ ልዩ መርፌ ይመለከታል፦ የቸርችል መርፌ ሲጋር፣ የስታሊን ፒፓ፣ የሩዝቬልት ደግሞ ያችን የሚታወቁባትን ረጅም የሲጋራ መያዣ ይመስላል። ከቸርችልና ከስታሊን ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥ የሚያልፈው በዚህ ክፍል ነው፤ የሚወጣው በአንዱ ጦር፣ የሚገባው በሌላው ጦር የምስጢር ጽሕፈት እንዲተላለፍ ተደርጎ ስለነበር፣ ሙሉው ፋይል ከዚህ ክፍል በስተቀር የትም አይገኝም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንኳ የማያየው ብዙ ነበር። ሌሂ ግን ያዩታል። እንግዲህ ወታደሩ ከዲፕሎማሲው ተገፍተው ነበር የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ቅሬታ የሚገባው ቢኖር እንዲያውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነበር።

አሁን ያንን ካርታ በፌብሩዋሪ 1945 መጀመሪያ ላይ እንየው። ቀይ ጦር ጃንዩዋሪ 17 ዋርሶን ይዟል፤ በወሩ መጨረሻ ኦደር ወንዝ ደርሶ ከበርሊን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆሟል። ከምዕራብ በኩል አሜሪካውያንና እንግሊዞች በአርደን ጫካ ከደረሰባቸው የታኅሣሥ ድንገተኛ ጥቃት ገና ማገገማቸው ነው፤ ራይንን የተሻገሩት በሬማገን ድልድይ ማርች 7 ቀን፣ ማለትም ጉባኤው ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በፖላንድ ምድር ላይ አንድም የአሜሪካ ክፍለ ጦር አልነበረም፤ ኋላም አልኖረም። ያልያዙትን አገር አሳልፎ መስጠት እንዴት ይቻላል? ስታሊን የሉብሊኑን መንግሥት ከጉባኤው በፊት፣ በጃንዩዋሪ መጀመሪያ፣ እውቅና ሰጥተውት ነበር። ሩዝቬልትና ቸርችል ያልታ ሲደርሱ የቀረላቸው፣ ተከናውኖ ባለቀ ጉዳይ ላይ የተቻለውን ያህል ቃል ማስገባት ብቻ ነበር፦ መንግሥቱ ከአገር ውስጥና ከውጭ ያሉ ፖላንዳውያንን ጨምሮ በሰፊ ዴሞክራሲያዊ መሠረት ይደራጅ፣ ነጻ ምርጫም በተቻለ ፍጥነት ይደረግ። ስታሊን ይህንን ፈረሙ፤ አላከበሩትም። ለከሃዲው ፊርማ ተጠያቂው ከሃዲው ነው እንጂ ያስፈረመው አይደለም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን፣ እርሳቸው ያላነሱት የተሻለ መከራከሪያ አለ። በሞስኮ የአሜሪካ ወታደራዊ ልዑክ መሪ የነበሩት ጄኔራል ጆን ዲን በዲሴምበር 1944 ለማርሻል በጻፉት ደብዳቤ፣ ለሶቪየቶች ያለ መልስ መስጠት ይብቃ፣ ከእንግዲህ እርዳታው በሰጥቶ መቀበል ይሁን ብለው ነበር። ማርሻል ደብዳቤውን ለፕሬዚዳንቱ አስተላልፈውታል። "ጠንካራ ወታደር" ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ሌሂን ትቶ ዲንን ቢጠቅስ ይሻለው ነበር። ሩዝቬልትም ቢሆኑ ነቀፋ አያጡም፤ በዲሴምበር 1943 በቴህራን ለስታሊን፣ በአሜሪካ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን የሚደርሱ የፖላንድ ተወላጆች እንዳሉና ምርጫው ሳያልፍ በፖላንድ ድንበር ጉዳይ በአደባባይ መሳተፍ እንደማይችሉ ነግረዋቸዋል። እኔን ካነጋገሩኝ ለፖላንድ የከፋው ቀን ያ ቀን ነው። ድምፅ የሚቆጥር ተደራዳሪ መሆናቸውን ለባላጋራው ነግረው ካበቁ በኋላ ያልታ ላይ ጠንከር ማለት ዋጋው ቀንሷል። ጸሐፊው ግን በያልታ ላይ ዓይናቸው ተተክሎ ቴህራንን ሳያዩት አልፈዋል።

እዚህ ላይ የጽሑፉ ዋና ስሕተት ይወጣል። ሩዝቬልት በፖላንድ ጉዳይ ጠረጴዛ ገልብጠው እንዳይወጡ እጃቸውን ከያዟቸው ነገሮች አንዱና ትልቁ የገዛ ጦር መሪዎቻቸው ምክር ነበር። የኤታማዦር ሹሞቹ ጃንዩዋሪ 23 ቀን 1945 ለፕሬዚዳንቱ ባቀረቡት ማስታወሻ፣ ሩሲያ የማጥቃት አቅሟ በፈቀደላት መጠን በተቻለ ፍጥነት በጃፓን ላይ ጦርነት መግባቷ አስፈላጊ ነው አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ በማንቹሪያ (በሰሜን ምሥራቅ ቻይና) ያለው የጃፓን ጦር ወደ ጃፓን ደሴቶች ተመልሶ አሜሪካውያን ወራሪዎችን እንዳይጠብቅ እዚያው ጠምዶ የሚይዘው ኃይል ፈለጉ። የአቶሚክ ቦምቡ ገና አልተሞከረም፤ የተሞከረው በጁላይ ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ያልታ የገቡት ከወታደሮቻቸው የተሰጣቸውን የቤት ሥራ ይዘው ነው፦ ስታሊንን አስገባልን። የዚህ ጉዳይ ባለቤት ወታደሮቹ ሆነው ሳለ፣ ዋጋው በተከፈለ ጊዜ ሲቪሎችን ብቻ መክሰስ አይገባም።

ጸሐፊው ስለ ሩቅ ምሥራቁ ምስጢራዊ ስምምነት የጻፉትም በዚሁ ይፈርሳል። ፌብሩዋሪ 11 ቀን የተፈረመው ሰነድ ስታሊን ጀርመን በተሸነፈች ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ በጃፓን ላይ እንዲዘምቱ፣ በምላሹም ደቡብ ሳካሊንንና የኩሪል ደሴቶችን እንዲያገኙ፣ በማንቹሪያ የባቡር መስመሮችና በፖርት አርተር ወደብ ላይ መብት እንዲኖራቸው ይላል። የቻይና መሬትና ወደብ እየተከፈለ ቻይና አልተጠየቀችም፤ ለቻይናው መሪ ለቺያንግ ካይሼክ በወቅቱ እንኳ አልተነገራቸውም። ሰነዱ ለሕዝብ የወጣው በ1946 ነው። ይህ አሳፋሪ ነው፤ በዚህ ላይ ለሩዝቬልት ጥብቅና አልቆምም። ስታሊን ግን በዚህኛው ቃላቸውን ጠብቀው፣ ጀርመን እጇን በሰጠች በሦስተኛው ወር፣ ኦገስት 8፣ ጦርነት አወጁ።

"ሌሂ ግን ሩሲያ እንድትገባ አልፈለጉም" ይሉኛል ጸሐፊው፤ ጽሑፋቸውም ይህን ይዟል። እውነት ነው፤ የባሕር ኃይል ሰው ናቸውና ጃፓንን በባሕር ከበባና በአየር ድብደባ ብቻ ማንበርከክ ይቻላል ብለው ያምኑ ነበር። ታዲያ ያ ማስታወሻ የወጣው እርሳቸው ሊቀ መንበር ከሆኑበት ጉባኤ ነው። ማርሻል የምድር ጦር ሰው ናቸው፤ ወደ ደሴቶቹ መውጣት ግድ ነው፣ ስለዚህም ሩሲያ ታስፈልገናለች አሉ፤ የጉባኤውም አቋም ይህ ሆነ። "ወታደሮቹ ቢሰሙ" የሚል ሰው የትኛው ወታደር እንደሆነ መጀመሪያ ይንገረን። ሩዝቬልት ወታደሮቻቸውን ሰምተዋል፤ የሰሙት ግን የአብላጫውን ድምፅ ነው።

የአድሚራሉ የሩቅ ተመልካችነት ጉዳይ ብዙ አያቆየኝም። ከ1941 መጀመሪያ እስከ 1942 ጸደይ ፈረንሳይ በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ በቪሺ በተቋቋመው የፈረንሳይ መንግሥት ዘንድ አምባሳደር ነበሩ፤ የዚያ መንግሥት መሪ ማርሻል ፔታን መርከቦቻቸውንና የሰሜን አፍሪካ ጦር ሰፈሮቻቸውን ለጀርመን እንዳይሰጡ የመጠበቁን ሥራ በትጋት ሠርተዋል። ከዚያ ቆይታቸው ግን ለነጻ ፈረንሳይ ንቅናቄ መሪ ለደ ጎል ያላቸውን ጥላቻ ይዘው ተመለሱ፤ ዋሽንግተንም የደ ጎልን መንግሥት እስከ ኦክቶበር 1944 እውቅና ነፈገችው፤ ፓሪስ ነጻ ከወጣች ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። ስለ አቶሚክ ቦምብ ደግሞ ለትሩማን የነገሯቸው ይታወቃል፦ እስከ ዛሬ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ቂልነት ይህ ነው፣ ቦምቡ በፍጹም አይፈነዳም፣ ይህንንም የምለው የፈንጂ ባለሙያ ሆኜ ነው አሉ። ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ነቢይ አልነበሩም።

ጽሑፉ "ለስላሳው ፕሬዚዳንትና ኮስታራው አድሚራል" የሚለውን ሥዕል ለማጽናት የሩዝቬልትን የመጨረሻ ሳምንታት ያነሳል። በኤፕሪል 1945 መጀመሪያ ስታሊን፣ አሜሪካውያን በስዊዘርላንድ በርን ከጀርመን ጄኔራሎች ጋር በምስጢር እየተደራደሩብኝ ነው የሚል መራራ ደብዳቤ ጻፉ። ሩዝቬልት በዚያን ጊዜ በጆርጂያ ዋርም ስፕሪንግስ ለማገገም ያረፉ ነበሩ፤ ሌሂ ዋሽንግተን ናቸው። በሩዝቬልት ስም የሄደው መልስ ቁጡ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ወራዳ ማጣመም ተጠያቂ በሆኑት ወሬ አቀባዮችዎ ላይ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ ብርቱ ምሬት ይሰማኛል የሚል ነበር። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው "እነሆ የወታደሮቹ ድምፅ" ይላሉ። ይሁን፤ ረቂቁ ከማርሻልና ከሌሂ እጅ ያለፈ ነው።

የቀጠለውን ግን አልጻፉትም። ከሳምንት በኋላ ሩዝቬልት ጉዳዩ እንዲዘጋ ለስታሊን አጭር መልእክት ሲልኩ የበርኑን ጉዳይ "ጥቃቅን አለመግባባት" ብለው ጠሩት። በሞስኮ አምባሳደር ሃሪማን መልእክቱን ለስታሊን ከማድረሳቸው በፊት "ጥቃቅን" የሚለው እንዲወጣ ጠየቁ። ኤፕሪል 12 ቀን የተላከላቸው መልስ ቃሉ አይወጣም፣ ፍላጎቴ ነገሩን እንደ ጥቃቅን ጉዳይ መቁጠር ነው የሚል ነበር። ይህን መልስ በዋሽንግተን ያረቀቁት አድሚራል ሌሂ ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ አጸደቁት፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞቱ። ኮስታራ የተባሉት አድሚራል አለሳለሱ፤ አጠንክሩ ያሉት ሲቪሉ አምባሳደር ናቸው። ጸሐፊው የመደቧቸው ሚናዎች ተገለባብጠው ተገኙ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የኢትዮጵያን አንባቢ የሚያሳስበው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ጸሐፊው ከሁሉ ባነሰ ጥንቃቄ የጻፉትም እርሱን ነው። ሩዝቬልት ከያልታ ወደ ግብፅ ሄደው ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ፣ በስዊዝ ቦይ መስመር ባለው በታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ፌብሩዋሪ 13 ንጉሥ ፋሩቅንና አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ በማግሥቱም የሳዑዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን ተቀበሉ። ሌሂም በመርከቡ ላይ ነበሩ። ጃንሆይ የባሕር በርንና የኤርትራን ጉዳይ፣ የጅቡቲን ባቡር፣ የጦር መሣሪያን ነገር አንስተዋል። እንግሊዝ ከሁለት ወር በፊት በተፈረመው ውል ኦጋዴንን ይዛ በቀረችበት ወቅት፣ ያለ እንግሊዝ አማላጅነት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ በራሱ ትልቅ የዲፕሎማሲ ድል ነበር። ቸርችል ነገሩን የሰሙት በያልታ መጨረሻ ላይ ነው፤ እርሳቸውም ተከትለው ወደ ግብፅ በመምጣት ንጉሠ ነገሥቱን ማነጋገራቸው መንገዱ ምን ያህል እንደቆረቆራቸው ያሳያል።

ከዚያ ተነስቶ "ሩዝቬልት ቃል ገቡ፤ ሞት ቀደማቸው እንጂ የባሕር በራችን ያኔ አልቆ ነበር" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያች መርከብ ላይ የተደረገው ማዳመጥ ነበር። የሩዝቬልት ልማድ ይታወቃል፤ እንግዳቸውን በፈገግታ፣ በራስ ንቅናቄና በጨዋታ ያስተናግዱና እንግዳው የተስማሙለት መስሎት ይወጣል። በዚህ የተሞኙ የአሜሪካ ሚኒስትሮች ብዙ ናቸው፤ ሌሂ ይህን ያውቁ ነበር። በመርከቡ ላይ የተሰጠው ሊጨበጥ የሚችል ነገር ለንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ የተባሉት አራት ወታደራዊ መኪናዎች ናቸው።

የኤርትራ ጉዳይ ከዚያ በኋላ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ፣ በአራቱ ኃያላን ክርክርና በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አምስት ዓመት ተንከራተተ። የተወሰነውም ዲሴምበር 2 ቀን 1950 በወጣው ቁጥር 390 ውሳኔ ነው፤ ፌዴሬሽኑ በ1952 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ትሩማን ናቸው፤ የአሜሪካ ስሌትም የአስመራ ወታደራዊ የሬዲዮ ጣቢያና የቀይ ባሕር ጉዳይ ነበር፤ በኮሪያም ጦርነት ተነስቷል። አክሊሉ ሀብተ ወልድና ባልደረቦቻቸው በየጉባኤው ቆመው የተከራከሩት ሩዝቬልት ቃል ገብተውልን ነበር ብለው አልነበረም፤ ክርክሩን በራሳቸው ጉልበት ነው የገፉት። ያንን የዓመታት ድካም ለአንድ ከሰዓት የሻይ ግብዣ መስጠት ለዲፕሎማቶቻችን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከኩዊንሲ መርከብ ላይ በጽሑፍ የተሰጠ የተስፋ ቃል በጸሐፊው እጅ ካለ፣ ቀኑንና ፈራሚውን ጠቅሰው ያውጡት፤ ያን ጊዜ ይህን ክፍል እሰርዛለሁ።